ከነገው ራስ ጋር መገናኘት፤ በሆሳዕናና በሐዲያና ከምባታ ከተሞች የትምህርት ታሪክ ላይ የቀረበ አስተያየት

በጠፈር ጉዞ ላይ የተመሠረቱ ልብ ወለዶችና ፊልሞች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ሁኔታ አለ። የአንዲት መንኮራኩር ባልደረቦች በሩቅ ጉዞ ላይ ሳሉ የጊዜ ሥርዐት ይዛባባቸውና ሌላ መንኮራኩር ከፊታቸው ብቅ ትላለች። በሩ ተከፍቶ ሲተያዩ፣ እንግዶች ናቸው ያሏቸው ሰዎች ጠጉራቸው የሸበተና ፊታቸው የተጨማደደ እነርሱው ራሳቸው ሆነው ይገኛሉ። ወጣቶቹ የሚያቀርቡት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ምን ደረሰብን?» የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ አንዳንድ ጊዜ ይመልሳሉ፤ አንዳንድ ጊዜም መልሱ ራሱ ጉዳት ያመጣል በሚል ሥጋት ዝም ይላሉ። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ወጣቶቹ ሰባት ከሆኑ ሽማግሌዎቹ ብዙውን ጊዜ ሰባት አይሞሉም።

እንዲህ ያለው ትረካ ለመምህራንና ለፕላን ሠራተኞች በሚዘጋጅ መጽሔት ውስጥ ምን ቦታ አለው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ፕላን ማውጣት ማለት ገና ላልደረሰ ዓመት ደብዳቤ መጻፍ ማለት ሲሆን፣ ደብዳቤው የሚደርሰው ደግሞ በዚያ ዓመት በሕይወት ላሉ ሰዎች ነው። ከእነርሱም መካከል ደብዳቤው በተጻፈ ጊዜ ሕፃናት የነበሩ፣ ስለ እነርሱም የተጻፈላቸው ነገር ግን ያልተጠየቁ ብዙዎች ናቸው። በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉት የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ይህ መገናኘት ባለፉት ስድሳ ዓመታት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ በእርግጥ ተፈጽሟል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

ወደዚያ ከማለፋችን በፊት የሳይንስ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ዘወትር ለሚቀርብላቸው ጥያቄ አጭር መልስ መስጠት ያስፈልጋል። በጊዜ ውስጥ መጓዝ ይቻላልን? አልበርት አይንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝ ሰዓት ቆሞ ከሚቆጥር ሰዓት ይልቅ በዝግታ ይቆጥራል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዠቨን በ1911 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በአንድ መንገደኛ ምሳሌ አስረድቷል፤ ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት ተጉዞ የሚመለስ ሰው እርሱ ጥቂት ዓመታት ሲጨምር ምድር ብዙ ዘመን አሳልፋ ያገኛታል። ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ሃፈሌና ሪቻርድ ኪቲንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አራት የአቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን አሳፍረው መሬትን አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜም ወደ ምዕራብ አዞሩአቸው። ተመልሰው መሬት ላይ ከቆየው ሰዓት ጋር ሲያስተያዩአቸው፣ ወደ ምሥራቅ የተጓዙት በአማካይ 59 የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ወደ ምዕራብ የተጓዙት ደግሞ 273 የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ቀድመው ተገኙ። የልዩነቱ ምክንያት የፍጥነትና የመሬት ስበት ጣምራ ውጤት ነው።

እንግዲህ ወደ ፊት መቅደም የተፈጥሮ ሕግ የሚፈቅደው ነገር ነው። ከራስ ጋር ለመገናኘት ግን መቅደም ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ወገን ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ኩርት ጎደል በ1949 እ.ኤ.አ. በአይንስታይን ቀመሮች ውስጥ ይህን የሚፈቅድ መፍትሔ ማግኘቱ እውነት ቢሆንም፣ በተፈጥሮ ውስጥ እንዲህ ያለ መመለስ ታይቶ አይታወቅም። በመሆኑም የሰው ልጅ ከነገው ራሱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ዕድሜ ሰጥቶት መድረስ ሲሆን፣ ሁለተኛው አስቀድሞ ከደረሰ ሰው አፍ መስማት ነው።

የእኛው ሥነ ጽሑፍም ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በግእዝ ከደረሱን መጻሕፍት አንዱ የሆነው ተረፈ ባሮክ፣ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣውን ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን ታሪክ ይተርካል። አቤሜሌክ የኢየሩሳሌምን መፍረስ እንዳያይ ነቢዩ በለስ ለቅሞ እንዲመጣ ይልከዋል። እርሱም በለሱን ለቅሞ ሲመለስ በዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት አረፍ ይላል፤ የነቃው ከ66 ዓመት በኋላ ነው። በለሱ አልጠወለገም። ወደ ከተማው ሲገባ ግን መንገዱም ቤቱም ሰዉም ተለውጦበት፣ የተሳሳትሁ ነኝ ብሎ ይወጣል፤ ተመልሶም ይገባል። በመጨረሻ የሆነውን የሚነግረው አንድ ሽማግሌ ነው። አውጉስት ዲልማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1866 እ.ኤ.አ. የግእዙን ጽሑፍ ስላሳተመው ታሪኩ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድም የታወቀ ሆኗል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ነጥብ አቤሜሌክ በእጁ የያዘው ቅርጫት ነው። የትናንቱ ነገር ሳይበላሽ በእጅ ላይ አለ፤ የሚቀበለው ከተማ ግን ሌላ ነው። ይህን ቅርጫት ኋላ ላይ በሆሳዕና እናገኘዋለን።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኅብረት የጠሩት የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ልማት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ጉባኤው ያሳለፈው ዋና ውሳኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በ1980 እ.ኤ.አ. በመላው አፍሪካ ለሁሉም የሚዳረስ፣ ነጻና ግዴታ እንዲሆን የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ለትምህርት ከደረሱት ልጆች መካከል ትምህርት ቤት ይገቡ የነበሩት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነበሩ። አስተናጋጇ አገር በጉባኤው ላይ በቀረበው አኃዝ መሠረት ከተሰብሳቢዎቹ መጨረሻ አካባቢ መገኘቷ በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጡትን ባለሥልጣኖች ሳያሳፍራቸው አልቀረም።

ከአዲስ አበባ ወደ 230 ኪሎ ሜትር በምትርቀው በሆሳዕና ዙሪያ በዚያው ዓመት ሰባት ዓመት የሞላትን አንዲት ሕፃን እናስብ። አካባቢው በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ሆሳዕናም፣ በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ፣ የአውራጃው ዋና ከተማ ነበረች። መሬቱ ለም፣ ሕዝቡ እጅግ የተጠጋጋ፣ ኑሮው በእንሰት ላይ የቆመ ነው። ትምህርት ቤት በአውራጃው ዋና ከተማና በጥቂት የገበያ መንደሮች ይገኛል፤ ለገጠሩ ሕፃን የብዙ ሰዓት መንገድ ነው፤ ለሴት ልጅ ደግሞ መንገዱ በርዝመቱ ብቻ የሚለካ አይደለም። የጉባኤው ውሳኔ የተጻፈው ስለዚህች ሕፃን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ልጆቿ ሁሉ ትምህርት ቤት እንደሚገቡ ቃል ተገብቶላታል። እርሷ ራሷ ግን አልገባችም።

በመካከሉ ሌላ ደብዳቤ ተጻፈ። ከ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በትምህርት ሚኒስቴር፣ በዩኒቨርሲቲውና በውጭ ባለሙያዎች ትብብር የተካሄደው፣ ሰው ሁሉ «ሴክተር ሪቪው» እያለ የሚጠራው ጥናት፣ የአገሪቱን ትምህርት እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ፍጻሜ የሚመራ መንገድ ለመቀየስ የተደረገ ነበር። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ስለተጻፈበት እዚህ መድገም አያስፈልግም። ዋናው ሐሳብ ብዙኃኑን በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት መድረስና ከዚያ በላይ የሚቀጥሉትን ቁጥር መወሰን ነበር። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ ነበር ለማለት ይህ ጸሐፊ አይደፍርም፤ እንዲያውም በኋላ ዘመን ተግባራዊ ከሆኑት ብዙ ነገሮች በዚያ ሰነድ ውስጥ አስቀድመው ታስበው ነበር። ነገር ግን ሰነዱ እስከ 1966 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ፤ ባዶውንም ቦታ ጭምጭምታ ሞላው። መምህራን ስለ ደመወዛቸው፣ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ሰጉ። መሬት በጠበበበት እንደ ከምባታና ሐዲያ ባለ አውራጃ ትምህርት ለተረፈው ልጅ መውጫ በር ስለሆነ፣ በአራተኛ ክፍል የሚቆም ትምህርት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አስረጂ አላስፈለገውም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው የአብዮቱ ታሪክ ነው። ሰነዱ ስለ ሠላሳ ዓመት በኋላ ይናገር እንጂ ከወጣበት ወር አላለፈም።

እነሆ 1980 እ.ኤ.አ. ደረሰ። በ1953 ዓ.ም. ሰባት ዓመት የሞላት ሕፃን ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗታል። አገሪቱ በዚያ ጊዜ የምታደርገው ነገር የጉባኤው ተሳታፊዎች ካለሙት ጋር ሲነጻጸር የሚያስገርም ነው። ሁሉም ልጆች በክፍል ውስጥ ይሆናሉ በተባለበት ዓመት፣ በክፍል ውስጥ ተቀምጠው ፊደል የሚቆጥሩት እናቶችና አባቶች ነበሩ። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር፤ ኢትዮጵያም በዚህ ሥራዋ በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተቀበለች። ሽልማቱን ያስገኙት ጎልማሶች በ1953 ዓ.ም. ፕላን የወጣላቸው ሕፃናት መሆናቸውን በዚያ ደስታ መካከል ያስታወሰ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ አሥራ አምስት አድጓል። ሐዲይኛና ከምባትኛ ከአሥራ አምስቱ መካከል ነበሩ። ሁለቱም ከሲዳምኛ፣ ከጌዴኦኛና ከቡርጂኛ ጋር የደጋ ምሥራቅ ኩሽ የሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ አባሎች ናቸው። ማስተማሪያዎቹ ሁሉ የተዘጋጁት በኢትዮጵያ ፊደል ነበር። በዘመቻው ያለፉ መምህራን የሚመሰክሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ጎልማሳው በቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ የተጻፈ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ አንደበቱ ሲያነብ የሚታይበት መደነቅ ነው። ለእነዚህ ሕዝቦች የራሳቸው ቋንቋ በመንግሥት ትእዛዝ በመጽሐፍ ታትሞ በገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት መቀመጡ ትንሽ ነገር አልነበረም። ስለ ዘመቻው ጥድፊያ፣ ስለ ግዴታው፣ ስለ ሪፖርቱ ማማር ብዙ ትችት ይቀርባል፤ ትችቱም ያለ መሠረት አይደለም። ይሁን እንጂ ያን መደነቅ ትችቱ አይሽረውም።

የዘመቻው ግብ ደግሞ በራሱ ደብዳቤ ነበር፤ በ1987 እ.ኤ.አ. አካባቢ ማይምነት ከአገሪቱ ይጠፋል የሚል። በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ይወጡ የነበሩ ይፋ መግለጫዎች ከ90 በመቶ በላይ የነበረው ማይምነት ከ40 በመቶ በታች መውረዱን ይናገሩ ነበር። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ወደ አንድ አራተኛ ገደማ መሆኑን አሳየ። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት ከፊሉ ከአቆጣጠር የመጣ ነው፤ ዘመቻው የምስክር ወረቀት የተቀበለውን ሲቆጥር፣ ቆጠራው የጠየቀው ሰውየው በዚያ ቀን ማንበብ ይችል እንደሆነ ነው። ከፊሉ ደግሞ መርሳት ነው። የድኅረ መሠረተ ትምህርት የንባብ ጽሑፍ ባልደረሰበት መንደር የተማሩት ፊደል ውሎ አድሮ ይጠፋል።

በሐዲያና በከምባታ ሦስተኛ ምክንያት ተጨመረ፤ እርሱም እስካሁን ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ በተለይም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት መስጫ ሲያደርግ፣ ሐዲይኛና ከምባትኛ ወደ ሕፃናት ክፍል ገቡ። የገቡት ግን በላቲን ፊደል ተጽፈው ነው። ለለውጡ የቀረቡት የቋንቋ ምክንያቶች ቀላል አይደሉም። የእኛ ፊደል ሰባት ቅርጾች ለአማርኛ ሰባት አናባቢዎች የተመቹ ናቸው። ሐዲይኛና ከምባትኛ ግን አምስት አናባቢዎች ኖሯቸው እያንዳንዱ አናባቢ አጭርና ረዥም ይሆናል፤ ርዝመቱም የቃሉን ፍቺ ይለውጣል። ጥብቀትም እንዲሁ። የጥብቀት ችግር በአማርኛም አለ፤ «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል፤ አንባቢው የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። በላቲኑ አጻጻፍ ረዥሙም አናባቢ፣ የጠበቀውም ተነባቢ ፊደሉን በመድገም ይጻፋል። በሌላ ወገን የቆሙት ሰዎች ደግሞ በፊደል ላይ ምልክት በመጨመር ይህንኑ ማድረግ ይቻል እንደነበር፣ የፊደል ምርጫውም ከቋንቋ ጥናት ይልቅ የዘመኑ ፖለቲካ ውጤት እንደሆነ ይናገራሉ። ይህ ጸሐፊ በክርክሩ ውስጥ ለመግባት አልተነሣም፤ ላቲኑ አሁን የአንድ ትውልድ ፊደል ሆኗል፤ ልጆቹም በእርሱ እያነበቡ ነው።

ጥያቄው ሌላ ነው። ያቺ በ1953 ዓ.ም. ሰባት ዓመት የሞላት፣ በ1972 ወይም በ1973 ዓ.ም. በገዛ ቋንቋዋ ማንበብ የቻለች ሴት በ1988 ዓ.ም. አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። የልጅ ልጇ ወይም የመጨረሻ ልጇ ከትምህርት ቤት ደብተርና መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። መጽሐፉ በሐዲይኛ የተጻፈ ነው። ከፍታ ታየዋለች፤ አንድም ቃል አታነብም። በእጇ የያዘችው ንባብ እንደ አቤሜሌክ በለስ ትኩስ ነው፤ የገባችበት ከተማ ግን ሌላ ሆኗል። በሌላ ልጅ ደብተር ላይ አማርኛ ቢገጥማት ፊደሉን አውቃው ቃሉ ያግዳታል፤ በገዛ ቋንቋዋ ግን ቃሉን አውቃው ፊደሉ ያግዳታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ክፉ አልሠራባትም። የ1971 ዓ.ም. ፕላን አውጪዎች ስለ 1987 ዓ.ም. አላወቁም፤ የ1987 ዓ.ም. ፕላን አውጪዎች ደግሞ ዓይናቸው በሕፃኑ ላይ ስለነበር እናቲቱን አላዩአትም። በሁለቱ ፊደሎች ጎን ለጎን የታተመ የሽግግር ጽሑፍ ለጎልማሶች ማዘጋጀት የፊደል ለውጡ ሥራ አንድ ክፍል መሆን ነበረበት የሚል እምነት አለኝ። ወጪው ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ኅትመት ወጪ የሚበልጥ አይሆንም ነበር። በዘመቻው ያለፉት ሰዎች ዛሬ አብዛኞቹ ከስድሳ ዓመት በላይ ስለሆኑ ሥራው አሁን ቢጀመር የሚደርስላቸው ለጥቂቶች ነው።

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ያመጣውን አንድ እንግዳ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. በታይላንድ ጆምቲየን ከተማ የተሰበሰቡት አገሮች «ትምህርት ለሁሉም» የሚለውን ግብ ለ2000 እ.ኤ.አ. ቀጥረው ነበር። ያ ዓመት ለእኛ የገባው ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። የራሳችን 2000 ዓ.ም. ደግሞ ከሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በታላቅ በዓል ታጅቦ ገባ። ስለዚህ «በሁለት ሺህ» ተብሎ የተጻፈ ቃል በኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ የመድረስ ዕድል ነበረው። በመጀመሪያው ያልሆነው በሁለተኛው በከፊል ሆኗል ቢባል ስሕተት አይደለም፤ በ1990ዎቹ ዓመታት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በአገሪቱ ታሪክ ታይቶ በማያውቅ ፍጥነት ጨምሯል። ሆሳዕናም ራሷ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 32 ሺህ፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ሆና ተገኝታለች። ብዙ ሳይቆይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ከተማዋ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በዚያው መጠን በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በሾኔና በሌሎቹም ከተሞች ትምህርት ቤት ተስፋፍቷል።

ታዲያ ክፍሉ ከሞላ በኋላ ወንዶቹ ልጆች ለምን መውጣት ጀመሩ?

መውጣት ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ ቆራጮቹን በብዛት ያገኝ የነበረው ከከምባታና ከሐዲያ ነው። ወንጂ ደርሶ የሚመለሰው ጎልማሳ በአዲስ ልብሱና በቋጠረው ገንዘብ ለመንደሩ ልጆች የነገውን ራሳቸውን ያሳያቸው ነበር። ያ ጉዞ ግን አጭር፣ ተመላላሽ፣ ለሁሉም የሚታይ ነበር፤ የቆሰለው እጅ፣ በወባ የከሳው ፊት ከገንዘቡ ጋር አብሮ ይመለሳል።

የደቡብ አፍሪካው ጉዞ ከዚህ ይለያል። በዚያች አገር የዘር መድልዎ አገዛዝ በ1986 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ መንገዱ ቀስ በቀስ ተከፈተ፤ በ1990ዎቹ ዓመታት ከሐዲያና ከከምባታ የሚሄዱት ወጣቶች በረከቱ። ስለ ስደቱ የተጻፉ ጥናቶች ከምክንያቶቹ መካከል የመሬት ጥበትን፣ የሥራ ማጣትን፣ የፖለቲካ ቅሬታን፣ የዘመድ ጥሪን ይዘረዝራሉ። ከእነዚህም ጋር ሌላ አንድ ነገር ይጠቅሳሉ፤ በ1993 ዓ.ም. ገደማ በሆሳዕና በተደረገ የሃይማኖት ጉባኤ ላይ አንድ የውጭ አገር ሰባኪ ለዚህ ሕዝብ የደቡብ መንገድ እንደሚከፈት መናገሩንና ይህም ቃል በብዙዎች ዘንድ እንደ ትንቢት መወሰዱን ያስረዳሉ። የእምነቱ ጉዳይ የእኛ ርእስ አይደለም። ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው የነገሩ አካሄድ ነው። የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቁ ሮበርት መርተን በ1948 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ስለ ነገ የተነገረ ቃል ሰዎች አምነውት በመነሣታቸው ብቻ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የመንኮራኩሯ ባልደረቦች ከሽማግሌ ራሳቸው የሰሙት ወሬ ወደዚያው ዕጣ እንደሚነዳቸው ማለት ነው። ሰው ሄደ፤ የሄደው ገንዘብ ላከ፤ ቤት ተሠራ፤ ቤቱን ያየ ሌላው ተነሣ፤ ቃሉም በየጊዜው ይበልጥ እውነት መሰለ።

በሆሳዕና ዋና ዋና መንገዶች ዳር የቆሙት አዳዲስ ፎቆች ብዙዎቹ የዚህ ገንዘብ ውጤቶች መሆናቸውን ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ ሁለት ዓይነት የነገ ራሱን ያያል። አንዱ በጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመው፣ ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው መምህሩ ነው። ሁለተኛው ከጆሃንስበርግ ለሠርግ የመጣውና መኪና ተከራይቶ በከተማው የሚዞረው፣ ምናልባትም ትምህርቱን ከዚሁ ክፍል አቋርጦ የሄደው ወጣት ነው። ልጁ የሚያወዳድረው በዓይኑ ያየውን ነው። መምህሩ ቆሞ ስለ ትምህርት ጥቅም ቢናገር የሚናገረው ገና ስላልታየ ነገር ነው፤ ከስደት የተመለሰው ግን መናገር እንኳ አያስፈልገውም።

ነገር ግን ወደ መጀመሪያው ትረካ እንመለስ። ሽማግሌዎቹ ባልደረቦች ሰባት አይሞሉም ብለናል። ከወደፊት የሚመለሰው የተረፈው ብቻ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ጠቅላይ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታሽገው ይጓዙ ከነበሩ 78 ኢትዮጵያውያን መካከል 64ቱ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነባቸው የ27 ወንዶች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። መንገዱ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች የሚሄዱበት ያው መንገድ ነው፤ በኬንያና በታንዛኒያ፣ ከዚያም በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የሞቱት ለሠርግ አይመጡም፤ ፎቅም አይሠሩም። በከተማው መንገድ ላይ የሚታይ ነገር የላቸውም።

ከተመለሱትም መካከል ብዙዎቹ መንገዱን አይተርኩም። ይህ ዝምታ ውሸት አይደለም። በረሃ ላይ ጓደኛውን ትቶ ያለፈ ሰው በእናቱ ፊት ይህን እንዴት ይናገር? የጓደኛው እናት ጎረቤት ናት። ደላላው ደግሞ ሊናገር የማይፈልግበት ሌላ ምክንያት አለው። ስለዚህ ልጁ ከነገው ራሱ ጋር ሲገናኝ የሚሰማው ግማሹን ብቻ ነው፤ ያቺ «ምን ደረሰብን?» የምትለው ጥያቄም ሳትጠየቅ ትቀራለች። መምህራን በሥነ ዜጋ ወይም በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ፈቃደኛ የሆነ ተመላሽ ጋብዘው ተማሪዎች እንዲጠይቁት ቢያደርጉ፣ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ የተሻለ ፍሬ ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ። ተጋባዡ ሲናገር መምህሩ ጣልቃ መግባት የለበትም፤ ልጆቹ ስብከትን ወዲያው ይለዩታል። ከጠያቂዎቹ መካከል ወንድሙ በመንገድ የቀረበት ልጅ ሊኖር ስለሚችል ግን አስቀድሞ የክፍሉን ሁኔታ ማጥናት ይገባል።

ለዚህ ጥናት ደግሞ የሚረዳ ሰነድ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አለ፤ እርሱም የክፍል መዝገብ ነው። መርከብ የጉዞ መዝገብ እንዳላት ሁሉ ትምህርት ቤትም በየዓመቱ የገባውን፣ ያለፈውን፣ የደገመውን፣ የወጣውን በስም ይመዘግባል። የሐዲያና የከምባታ ትምህርት ቤቶች የቆዩ መዝገቦች በየሣጥኑና በየመደርደሪያው አቧራ ለብሰው፣ አንዳንዶቹም እርጥበትና አይጥ እየጎዳቸው ይገኛሉ። በዩኒቨርሲቲውና በመምህራን ትምህርት ኮሌጁ የሚማሩ እጩ መምህራን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ ወደ እነዚህ መዝገቦች ቢሄዱ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ የት እንደደረሱ አንድ በአንድ መከታተል ይችላሉ። መምህሩ የት እንዳለ፣ ነጋዴዋ የት እንዳለች፣ ነርሷ የት እንዳለች ጎረቤት ይነግራቸዋል። ከአንዳንዱ ስም ትይዩ ግን በቀይ እስክሪብቶ «አቋርጧል» ከሚለው ቃልና ከቀኑ በቀር የተጻፈ ነገር አያገኙም።